በርናርዲኖ ራማዚኒ፦ ወደ ሥራ ቤት የገባው ሐኪም

ሐኪም በሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ተቀምጦ የሚያቀርበው ጥያቄ ከጥንት ግሪኮች ዘመን ጀምሮ የተወሰነ ነበር። ሕመምተኛው የሚሰማው ምን እንደ ሆነ፣ ከስንት ቀን ጀምሮ እንደ ያዘው፣ ምን እንደ በላና ሆዱ እንዴት እንደ ሆነ ይጠየቃል፤ በዚሁም ያበቃል። በዚህ ላይ የሕመምተኛው ሥራ ምን እንደ ሆነ ይጠየቅ ዘንድ አንድ ጥያቄ የጨመረው ጣሊያናዊው ሐኪም በርናርዲኖ ራማዚኒ ነው። ጥያቄዋ አጭር ናት። በየሆስፒታሉና በየጤና ጣቢያው በሚሞላው የሕሙማን ካርድ ላይም የራሷ መስመር ተሰጥቷታል። ዳሩ ግን ያች መስመር ብዙ ጊዜ ባዶዋን ትቀራለች፤ አለዚያም የቀን ሠራተኛ ወይም የግል ሥራ በሚሉ ምንም በማይናገሩ ቃላት ትሞላለች። ሰውየው ቀኑን ሙሉ ሲተነፍስ የሚውለው የዱቄት ብናኝ ይሁን የድንጋይ፣ የጥጥ ይሁን የሲሚንቶ ከዚያ ሊታወቅ አይችልም። የጥያቄዋን ባለቤት ታሪክ በማኅበራችን መጽሔት ላይ ማቅረብ ያስፈለገውም ስለዚህ ነው።

ራማዚኒ የተወለደው በ1633 በሰሜን ጣሊያን፣ ከሞዴና ብዙም በማትርቀው በካርፒ ከተማ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸው ካልተገለጸ በቀር ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ያ ጊዜ በአገራችን አፄ ፋሲለደስ ነግሠው የኢየሱሳውያንን ማኅበር መነኮሳት ከአገር በማስወጣት ላይ የነበሩበት ዘመን ነው። ማኅበሩ በኢትዮጵያ በሩ ሲዘጋበት በካርፒ ግን ትምህርት ቤት ነበረውና ልጁ በርናርዲኖ የመጀመሪያ ትምህርቱን የቀሰመው ከእነዚሁ መነኮሳት ዘንድ ነበር። ከዚያም ወደ ፓርማ ሄዶ ፍልስፍናና ሕክምና ተማረ፤ በ1659 ተመረቀ። ሮም ላይ ከአንድ የታወቀ ሐኪም ሥር ሆኖ ጥቂት ከተለማመደ በኋላም በካኒኖና በማርታ፣ ማለት ከሮም በስተሰሜን በሚገኙ ሁለት ትናንሽ ከተሞች ሐኪም ሆኖ ተቀጠረ። አገሩ ወባማ ነበርና ወጣቱ ሐኪም ብዙ ሳይቆይ ራሱ ታመመ፤ ክፉኛ ተዳክሞም ወደ ትውልድ ከተማው ተመለሰ። አየርና ውኃ በሰው ጤና ላይ ስላላቸው ኃይል በኋላ አጥብቆ የጻፈው ሰው የመጀመሪያውን ትምህርት ያገኘው በገዛ አካሉ ነበር ማለት ይቻላል።

በ1671 ወደ ሞዴና ተዛወረ። በዚያ የቆዩ ሐኪሞች አዲሱን መጤ እጃቸውን ዘርግተው አልተቀበሉትም፤ በጽሑፍ የተካረረ ክርክር ውስጥ የገባባቸው ጊዜያት ነበሩ። ይህን ጥል በዝርዝር መተረክ እዚህ አስፈላጊ አይደለም። በ1682፣ በጎንደር ቀዳማዊ አፄ ኢያሱ በዙፋን በተቀመጡበት ዓመት፣ የሞዴናው መስፍን በዩኒቨርሲቲው የሕክምና መምህር አድርጎ ሾመው። ከ1690 ጀምሮ በተከታታይ ባወጣቸው ጽሑፎች በየዓመቱ የወረደውን ዝናብ፣ የአየሩን ጠባይና የተነሣውን ወረርሽኝ እያገናኘ መዘገበ። በመጀመሪያው ዓመት ወረርሽኙ የበረታው በገጠር ገበሬዎች ላይ እንደ ነበር ልብ ብሏል። አንድ ዓይነት በሽታ አንዱን የኅብረተሰብ ክፍል መርጦ ሲያጠቃ ምክንያቱን ከኑሮውና ከሥራው መፈለግ ልማዱ ሆኖ ነበር።

የስሙ መጠሪያ ለሆነው ሥራ መነሻ የሆነው ነገር ግን የተገኘው ከገዛ ቤቱ ነው። በሞዴና የመጸዳጃ ጉድጓዶች በየጊዜው ይጠረጉ ነበር። የራማዚኒ ቤት ተራ ደርሶ ሠራተኛው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ ሲዝቅ ሐኪሙ ቆሞ ተመለከተው፤ ሰውየው ከመጠን በላይ ይጣደፍ ነበር። ለምን እንዲህ እንደሚቻኮልና ቀስ ብሎ ቢሠራ ድካሙ እንደሚቀንስለት ሐኪሙ ነገረው። ሠራተኛው ቀና ብሎ፣ በዚያ ቦታ ከአራት ሰዓት በላይ መቆየት የሚያስከፍለውን ዋጋ ያልቀመሰው ሰው ሊገምተው እንደማይችል፣ ዓይን ማጥፋት ማለት እንደ ሆነ አስረዳው። ከጉድጓዱ ሲወጣ ራማዚኒ ዓይኖቹን መረመራቸው፤ ደም ለብሰውና ፈዝዘው አገኛቸው። ሌላ መድኃኒት ያውቁ እንደ ሆነም ጠየቀው፤ ወዲያው ቤት ገብቶ በጨለማ ክፍል እስከ ማግስቱ መቀመጥና ዓይንን ለብ ባለ ውኃ ማጠብ ብቻ እንደ ሆነ ሰማ። ከዚያ በኋላ በከተማው አደባባይ የሚለምኑትን ዕውሮች ሲያጣራ ከመካከላቸው ቀድሞ ጉድጓድ ጠራጊ የነበሩ አገኘ። ምርመራው መጀመሪያ ከሠራተኛው አፍ፣ ቀጥሎ ከሠራተኛው አካል፣ በመጨረሻም ከመሰሎቹ ዕጣ ማስረጃ የሰበሰበ ነበር፤ የዛሬው የሥራ ጤና ጥናት መሣሪያው ቢረቅም አካሄዱ ከዚህ ብዙ አልራቀም።

ከዚያ በኋላ ራማዚኒ ወደ ሥራ ቤቶች ይመላለስ ጀመር። በዚያ ዘመን ለተማረ ሰው፣ ይልቁንም ለዩኒቨርሲቲ መምህር፣ ከአንጥረኛና ከቆዳ ፋቂ ቤት ገብቶ መቀመጥ እንደ ነውር የሚቆጠር ነበር። ይህን ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ማስረዳት አያስቸግርም። ማረሻውን የሠራለትን ቀጥቃጭ ጠይብ፣ ጋቢውን የሠራለትን ሸማኔ ቁጢት በጣሽ፣ ጋኑን የሠራችለትን ሸክላ ሠሪ ቡዳ እያለ ሲያንቋሽሽ የኖረ ኅብረተሰብ ልጆች ነን። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 በእኛ አቆጣጠር ባለ እጅን መስደብ የሚከለክል አዋጅ ማስነገር አስፈልጓቸዋል። የሚናቅ ሰው በሽታም አብሮት ይናቃል፤ ሐኪም የማይጎበኘው ሥራ ቤት ውስጥ የሚገኝ በሽታ ስም አይወጣለትም። ራማዚኒ ባልንጀሮቹ ሐኪሞች ወደ ድኻ ቤት ሲገቡ በወርቅ የተለበጠ ወንበር እንዳይፈልጉ፣ በርጩማ ላይም ቢሆን ተቀምጠው ጊዜ ወስደው እንዲመረምሩ መክሯል። ሠራተኛ አልጋ ላይ በቆየ ቁጥር የልጆቹ ጉሮሮ እንደሚዘጋ ስለሚያውቅም ሕክምናው ያለ ምክንያት እንዳይንዛዛ አሳስቧል።

የዚህ ሁሉ ጉብኝት ፍሬ በ1700 በሞዴና ታተመ። ስለ ሠራተኞች በሽታዎች በላቲን ቋንቋ የተጻፈ መጽሐፍ ነው። በዚያው ዓመት ፈረንሣዊው ሐኪም ፖንሴ አፄ ኢያሱን አክሞ ከጎንደር ተነሥቶ ወደ አገሩ በመመለስ ላይ ነበር። የዘመኑ ዝነኛ ሕክምና በረሃ አቋርጦ የንጉሥን ገላ ለማከም የሚሄድ ሕክምና ነበርና፣ የጉድጓድ ጠራጊን ዓይንና የወፍጮ ሠራተኛን ሳንባ የሚመለከት መጽሐፍ መውጣቱ ምን ያህል እንግዳ ነገር እንደ ነበር ከዚህ መገመት ይቻላል።

በመጽሐፉ ከተነሡት ከ50 በላይ ሙያዎች መካከል የባዜቃ መርዝ እጃቸውን የሚያንቀጠቅጣቸው መስተዋት ሠሪዎች፣ እርሳስ የሚያሽመደምዳቸው ሸክላ ቀቢዎች፣ ጆሯቸው የሚደነቁር መዳብ ቀጥቃጮች ይገኛሉ። ለእኛ ጉዳይ ግን ዋነኞቹ ስለ ብናኝ የሚናገሩት ምዕራፎች ናቸው። ድንጋይ ጠራቢዎችና ሐውልት ቀራጮች ከመሮው ሥር የሚፈናጠረውን ስለታም ብናኝ ስለሚስቡት ሳል እንደሚይዛቸው፣ ቀጥሎም ትንፋሽ እንደሚያጥራቸውና ከስተው እንደሚሞቱ ገልጿል። ሆላንዳዊው የአካል ሊቅ ዲመርብሩክ በትንፋሽ እጥረት የሞተ የድንጋይ ጠራቢ ሬሳ ሲከፍት ቢላዋው አሸዋ የሚቆርጥ ያህል እንደ ተሰማው ጠቅሷል። ስንዴ አበጣሪዎችና ሰፋሪዎች ከእህሉ በሚነሣው ትቢያ ጉሮሯቸው ደርቆ፣ ደረታቸው ታፍኖ፣ ዕድሜ ሳይጠግቡ እንደሚቀሩ ጽፏል። ባለወፍጮዎችና ዳቦ ጋጋሪዎች ዘወትር ዱቄት ለብሰው ስለሚውሉ ዱቄቱ ከምራቅ ጋር እየተቦካ በጉሮሮና በሳንባ እንደሚጣበቅ፣ ድምፃቸው እንደሚጎረንን፣ በመጨረሻም አስም እንደሚያገኛቸው ተመልክቷል። ተልባና ቃጫ የሚያበጥሩት ደግሞ ጭረቱ በረጋ ውኃ ውስጥ ሲዘፈዘፍ የከረመ በመሆኑ ከእርሱ የሚነሣው ብናኝ የከፋ መሆኑን፣ ያለ ማቋረጥ እንደሚያስላቸውና መልካቸውን እንደሚያገረጣ ዘርዝሯል።

ምክንያቱን ሲተነትን ዛሬ የማንቀበለው ነገር ሞልቶበታል፤ ሲያክምም ማስመለስን፣ ማስቀመጥንና ደም ማውጣትን ያዝዛል። የዘመኑ ዕውቀት ነውና አይፈረድበትም። እኔን ይልቅ የሚያሳስበኝ ለመከላከል የሰጠው ምክር ነው። አፍን በጨርቅ መሸፈን፣ ፊትን ከነፋሱ ማዞር፣ ሰፊና ነፋሻ ቦታ መሥራት፣ ከሥራ በኋላ ፊትንና አፍን መታጠብ፣ እነዚህን ያዝዝና ሠራተኛው የዕለት እንጀራው እስከሆነ ድረስ ሥራውን መተው እንደማይችል በሐዘን ያክላል። ሁሉም የታዘዘው ለሠራተኛው ነው። የሥራ ቤቱ ባለቤት ብናኙ ከምንጩ እንዳይነሣ ያደርግ ዘንድ ከባድ ግዴታ ሲጥልበት አይታይም። ጨርቁም ቢሆን ከባዱን ትቢያ እንጂ ረቂቁን ብናኝ አይገታም። በዓይን የሚታየው አቧራ አብዛኛው በአፍንጫና በጉሮሮ ይቀራል፤ እስከ ሳንባ ጥልቅ ጓዳ የሚዘልቀው ከሚሊሜትር አንድ መቶኛ እንኳ የማይሞላው፣ በዓይን የማይታየው ነው። ስለዚህ ፊቱን በሻሽ ጠቅልሎ የሚሠራ ሰው የተጠበቀ ቢመስለውም ጉዳቱን የሚያደርሰው ክፍል አልፎት ይገባል።

እዚህ ላይ ከሞዴና ለጥቂት ጊዜ ወጥተን ወደ አገራችን ብንመለስ ራማዚኒ የገለጻቸው ሙያዎች በሙሉ በመካከላችን እንዳሉ እናገኛለን። በምዕራብ አዲስ አበባ፣ በጅማ መንገድ፣ አየርንና ጤናን በአንድ ስም ያጣመረ ሰፈር አለ፤ አየር ጤና። በዚህም ሆነ በሌሎቹ የከተማይቱ ሰፈሮች ከወፍጮ ቤት በር ቆሞ ውስጡን የተመለከተ ሰው የባለወፍጮዎችን ምዕራፍ ማንበብ አያስፈልገውም። የወፍጮው ሠራተኛ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ሆኖ፣ አፉን በነጠላ ቅዳጅ አስሮ፣ ጤፉን ከአፈ ሙዙ ይጨምራል፤ በርበሬ የሚፈጭ ለታ ደንበኛው ሁሉ እያነጠሰ ወደ ውጭ ሲሸሽ እርሱ ግን ይቀራል። ድንጋዩ ሲልስ መወቀር አለበትና የዱቄቱ ብናኝ በድንጋይ ብናኝ የሚተካበት ሰዓትም አለው። ያን ጊዜ ባለወፍጮው በራማዚኒ መጽሐፍ ውስጥ ከአንዱ ምዕራፍ ወደ ሌላው ተሻገረ ማለት ነው። ከዚሁ ጋር ፑሚስና ሲሚንቶ አደባልቀው ብሎኬት የሚመቱት፣ ለመንገድ ንጣፍ ኮብልስቶን የሚጠርቡት፣ እንጨት የሚሰነጥቁትና የሚያለሰልሱት፣ ገና ሳይነጋ አስፋልት የሚጠርጉት ሴቶች አሉ። ማታ ሲያስላቸው ብርድ ነው ይላሉ።

ሐኪሙስ ምን ይላል? ሳል የያዘውና የከሳ ሰው ሲመጣ አስቀድሞ የሳንባ ነቀርሳን ማሰብ በአገራችን ተገቢ ነው፤ ነቀርሳ ብዙ ሰው ፈጅቷልና። ዳሩ ግን የድንጋይ ብናኝ ሳንባን ሲጎዳ ነቀርሳን የሚከላከሉትን ሴሎች ስለሚያዳክም ሁለቱ በሽታዎች ተያይዘው የሚመጡበት ጊዜ ብዙ ነው። ነቀርሳው ታክሞ ሕመምተኛው ወደዚያው ድንጋይ ጥርብ ሥራ ሲመለስ ሕክምናው በከፊል ብቻ ተፈጸመ። ሥራው ተጠይቆ ካልተመዘገበ ግን ይህን የሚያስተውል አይኖርም።

ጥጥን በሚመለከት ደግሞ ነገሩ ከግምት አልፎ በቁጥር ተረጋግጧል። ጥጥ መዳመጥ፣ በደጋን መንደፍና ባዘቶ ማውጣት ከጥንት ጀምሮ የቤት ሥራችን ነበር፤ ብናኙም በየጎጆው ተከፋፍሎ ይቀር ነበር። ፋብሪካ ሲመጣ ግን ጥጡም ብናኙም ሠራተኛውም በአንድ ጣሪያ ሥር ተሰበሰቡ። የድሬዳዋው ጥጥ ፋብሪካ በ1930ዎቹ መጨረሻ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተተከለ፤ የባሕር ዳሩ በ1961 ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሣ ተሠራ። ስለ ብናኝ አስቀድሞ ያስጠነቀቀው ሐኪም የዚያው አገር ሰው መሆኑን ሳስታውስ መገረሜ አልቀረም። በ1991 በእንግሊዝ አገር የኢንዱስትሪ ሕክምና መጽሔት ላይ በታተመ ጥናት በአንድ የኢትዮጵያ ጥጥ ፋብሪካ ውስጥ በዕጣ የተመረጡ 595 ሠራተኞች ተመርምረው ነበር። በየክፍሉ የተለካው የጥጥ ብናኝ አማካይ መጠን በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ0.86 እስከ 3.52 ሚሊግራም ደርሷል። በአሜሪካ በ1978 ለክር ሥራ የተወሰነው ጣሪያ 0.2 ሚሊግራም ነው፤ ስለዚህ ከሁሉ የተሻለው ክፍል እንኳ ከአራት እጥፍ በላይ ነበር። ጥጡ ተፈትቶ በሚነፋበት ክፍል ከሚሠሩት 43.2 በመቶ፣ በማበጠሪያው ክፍል ካሉት 37.5 በመቶ ቢሲኖሲስ የተባለው የጥጥ ብናኝ የሳንባ በሽታ ተገኝቶባቸዋል። በሌሎቹ ክፍሎች ከ4 እስከ 24 በመቶ ነበር። በ1995 ደግሞ የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሠራተኞችን የሚመለከት ሌላ ጥናት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ ወጥቷል።

ቢሲኖሲስ ተንኰለኛ በሽታ ነው። ወዝ አደሩ ዕረፍት አድርጎ ሲመለስ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ደረቱ ይጠብበዋል፤ በማግስቱ ይሻለዋል፣ በሳምንቱ አጋማሽ ይረሳዋል። የሰኞ ሕመም መባሉም ስለዚህ ነው። ዓመታት ሲያልፉ ግን ሰኞው እስከ ማክሰኞ፣ ማክሰኞው እስከ ቅዳሜ ይዘልቅና ትንፋሹ እንደ ወትሮው መመለሱን ይተዋል። ሐሙስ ዕለት ወደ ክሊኒክ የመጣውን ሰው የመረመረ ሐኪም ሥራውን ብቻ ሳይሆን የሳምንቱን ቀን ጭምር ካልጠየቀ ጤነኛ ነህ ብሎ ሊሰደው ይችላል። የ1991ዱ ጥናት አዘጋጆች ይህን ስለሚያውቁ የሠራተኞቹን ትንፋሽ የለኩት ከሁለት ቀን ዕረፍት በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን፣ ከሥራ በፊትና ከሥራ በኋላ ነበር።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በራማዚኒ ምክር ውስጥ የጎደለውን ግዴታ በአሠሪው ላይ ጥሏል፤ የሥራ ቦታው በጤና ላይ አደጋ እንዳያደርስ መጠበቅና የመከላከያ መሣሪያ ማቅረብ የአሠሪው ፈንታ ነው። በተግባር ሲታይ ግን ቅድሚያ የሚያገኘው ቀላሉ ነው። ጭምብል ይታደልና ፎቶግራፍ ይነሣል። ድንጋዩን በውኃ እያራሱ መጥረብ፣ ብናኙን ከምንጩ የሚስብ ማራገቢያ መትከል፣ ማሽኑን መክደን ገንዘብ የሚጠይቁ ስለሆኑ ወደ መጪው ዓመት በጀት ይተላለፋሉ። የወፍጮ ቤቱና የብሎኬት ማምረቻው ሠራተኛ ደግሞ ብዙ ጊዜ የሥራ ውል በእጁ የሌለው፣ ተቆጣጣሪም የማይጎበኘው ነው።

ወደ ራማዚኒ እንመለስ። መጽሐፉ በታተመበት በ1700 የቬኒስ መንግሥት ወደ ፓዶዋ ዩኒቨርሲቲ ጠራው፤ ዕድሜው ከ65 አልፎ ነበር። በፓዶዋ ጤናው እየታወከ ሄደ፤ ራስ ምታትና የልብ ድካም ያሠቃየው ነበር፣ ዓይኑም ቀስ በቀስ ጠፋ። የሥራ ምርምሩን ከአንድ ጉድጓድ ጠራጊ ዓይን የጀመረ ሰው በስተርጅናው ሰው እያነበበለት፣ እርሱ በቃሉ እየነገረ የሚያስጽፍ ሆነ። ከማስተማር እንዲያሰናብቱት ቢለምንም የቬኒስ ሸንጎ አልፈቀደም፤ ይልቁንም ወደ ላቀው የመምህርነት ወንበር ከፍ አደረገው። በ1711 በአካባቢው የከብት እልቂት ሲነሣ ስለዚሁ ትምህርት ሰጠ፤ በጽሑፍም ታተመ። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በእኛ አቆጣጠር በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገራችንን ከብት የጨረሰውና ክፉ ቀን ያመጣብን ይኸው የደስታ በሽታ ነው።

ስሙ ከሞተ በኋላም አልተረሳም። አዳም ስሚዝ በ1776 ስለ አገሮች ሀብት በጻፈው መጽሐፉ ስለ ሠራተኞች በሽታ ራሱን የቻለ ድርሰት የደረሰ ሐኪም መሆኑን ጠቅሶታል። በ1831 የሊድሱ ሐኪም ታክራ በእንግሊዝ ፋብሪካዎች ያለውን ብናኝ የመረመረው በእርሱ ፈለግ ነው። በ1930 ስለ ድንጋይ ብናኝ የሳንባ በሽታ በጆሃንስበርግ ዓለም አቀፍ ጉባኤ ሲደረግ ደግሞ ነገሩ ወደ አህጉራችን፣ ወደ ወርቅ ቆፋሪዎቹ ዘንድ ደርሶ ነበር።

በ1713፣ ሰማንያ ዓመት ሊሞላው ሲል፣ የመጽሐፉን ሁለተኛ እትም በፓዶዋ አወጣ። መጽሐፉን እንዳለ አላሳተመውም፤ ቀድሞ ያልተመለከታቸውን ሙያዎች የያዙ 12 ምዕራፎች ጨመረበት። በሚቀጥለው ዓመት፣ ኖቬምበር 5 ቀን 1714፣ ተማሪዎቹን ለማስተማር ሲሄድ ራሱን ስቶ ወደቀ፤ በዚያውም ቀን አረፈ።